ቁልቋልና የባሕር ቁልቋል ዘመዳሞች አይደሉም

በብዙ የአገራችን አካባቢ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ዘር ይቆጠራል። የልጁ አያት የእነማን ልጅ እንደነበሩ፣ የልጅቷ ቅድመ አያት ከየትኛው መንደር መጥተው የት እንዳገቡ እየተጠየቀ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። አንድም ሽማግሌ ግን «አፍንጫቸው ይመሳሰላል» ብሎ ጋብቻ አያስቀርም፤ «መልካቸው አይገናኝም» ብሎም አያጋባም። መልክ እንደሚያታልል ያውቃሉ። የሚጠይቁት ማን ከማን እንደተወለደ ነው።

ዕፅዋትን በተመለከተ ግን የሰው ልጅ ለብዙ ዘመን ሲፈርድ የኖረው በመልክ ነው። ቅጠሉ እንዲህ ነው፣ አበባው እንዲያ ነው፣ ፍሬው ይህን ይመስላል እየተባለ ነበር ዘመዱ ከባዳው የሚለየው። ሊቃውንቱ በዚህ መንገድ ብዙውን በትክክል አግኝተውታል፤ ያመለጣቸውም ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ግን ለዕፅዋትም ዘር ቆጣሪ ተገኘላቸው። በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ ተጽፎ የሚኖረው ዲኤንኤ ነው።

እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ እንጂ የዕፅዋት ተመራማሪ አይደለሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ይህን ጉዳይ እየተከታተልኩ አነባለሁ። በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው ብዙ ነገሮች፣ የቁልቋል ወተት ያቃጠለው ዓይን፣ ኮሶ፣ ኪኒን፣ የደም ዓይነት ምርመራ፣ ሁሉም እዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛሉ። ልጅና የልጅ ልጅ ለሚያሳድግ ሰውም የሚጠቅም ነገር አለው ብዬ ስላመንኩ እነሆ።

ሁለቱ ቁልቋሎች

ከገጠር የመጣ ሰው ቁልቋልን ያውቃታል። ለአጥር ትተከላለች፤ በገደል አፋፍ ላይ እንደ መቅረዝ ቆማ ትታያለች። ግንዷ ወፍራምና ውሃ ያዘለ፣ ጠርዟ እሾሃም ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ ክረምት ላይ ፍሬው በሳህን ተደርጎ የሚሸጠው በለስ አለ። እሱም ወፍራም፣ ውሃ ያዘለና እሾሃም ነው። መመሳሰላቸውን ያዩ አባቶቻችን ይህን ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ «የባሕር ቁልቋል» አሉት። ከባሕር ማዶ የመጣ ቁልቋል ማለታቸው ነው።

ዝምድናቸው ሲቆጠር ግን ሁለቱ አይገናኙም። የእኛዋ ቁልቋል የጉሎና የካሳቫ ዘመድ ናት። የባሕር ቁልቋል ደግሞ የቀይ ሥር፣ የቆስጣና የእንዶድ ወገን ነው። አንዷ በአፍሪካ፣ ሌላው በአሜሪካ ድርቅና ፀሐይ ሲፈራረቁባቸው ኖረው፣ ውሃ ማጠራቀምንና በእሾህ መከላከልን ለየብቻቸው አገኙት። ኑሮ አመሳሰላቸው እንጂ ትውልድ አላገናኛቸውም። የዕፅዋት ሊቃውንት የሁለቱን አበባ አይተው ልዩነታቸውን ቀድመው ያውቁ ነበር። ዲኤንኤው ደግሞ አረጋገጠላቸው፤ እያንዳንዳቸው ከማን ጋር እንደሚዛመዱም አጥርቶ አሳየ።

ይህ ለእናትና ለአባት ምን ይጠቅማል? ቁልቋል ስትቆረጥ ነጭ ወተት ታፈስሳለች። አጥር ሲያቀኑ ወይም ልጆች በዱላ እየመቱ ሲጫወቱ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ቃጠሎ ያስከትላል። ጤና ጣቢያ ስሠራ ዓይናቸው አብጦ፣ ብርሃን ማየት አቅቷቸው በሰው ተመርተው የሚመጡ ነበሩ። ሳይውል ሳያድር በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ነው መፍትሔው። የባሕር ቁልቋል ግን እንዲህ ያለ ወተት የለውም፤ የሱ ጉዳት እሾሁ ነው። የጉሎ ፍሬም ብርቱ መርዝ እንዳለው ልብ በሉ። በመልክ የሄደ ሰው ሁለቱን ቁልቋሎች እኩል ይፈራና ጉሎን ይንቃል። ወገኑን ያወቀ ሰው ግን ልጁን ከየትኛው መጠበቅ እንዳለበት ይገባዋል።

የብራና ጸሐፊው ስህተት

ዲኤንኤ ዝምድናን እንዴት ይናገራል? ለልጅ ልጄ ያስረዳሁት በብራና ነው። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም መጽሐፍ ነው። ፊደላቱ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ይባላሉ። ተክሉ በተራባ ቁጥር መጽሐፉ ይገለበጣል። በድሮ ዘመን ዳዊት በእጅ ሲገለበጥ አንዱ ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ብራና የገለበጡት ሁሉ ያችን ስህተት ይዘው ይቀጥላሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ አሥር ዳዊት ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሊቅ፣ የትኞቹ ብራናዎች አንድ ዓይነት ስህተት እንደሚጋሩ አይቶ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ ይደርስበታል።

የዕፅዋት ዘር ቆጠራም እንዲሁ ነው። ከየዝርያው የተወሰደው ጽሑፍ ጎን ለጎን ይደረደርና የጋራ ለውጦች ይፈለጋሉ። አንድን ለውጥ የሚጋሩ ዝርያዎች ያ ለውጥ ከተፈጠረበት አንድ ቅድመ አያት ሊወርዱ ይችላሉ። ስሌቱ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ሐሳቡ ግን የብራናው ሐሳብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ ቼዝ የተባለ ተመራማሪና 41 ባልደረቦቹ አንድ ዘረመል፣ በእንግሊዝኛው ጂን የሚባለውን ማለቴ ነው፣ ከ499 ዝርያዎች ወስደው አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ሊቃውንት በዲኤንኤ ላይ የተመሠረተ አዲስ የአበባ ዕፅዋት አመዳደብ አወጡ። እየታደሰ መጥቶ በ2016 አራተኛው እትም ሲታተም 416 ቤተሰቦችን ይዟል።

በዚህ ሂደት የሚያስገርሙ ዝምድናዎች ወጥተዋል። ሎተስ የሚባለው የውሃ ላይ አበባ ከሌላው የውሃ አበባ ጋር መንትያ ይመስላል። ዘሩ ሲቆጠር ግን በምዕራባውያን ከተሞች መንገድ ዳር ከሚተከል ትልቅ የጥላ ዛፍ ጋር ተገኘ። ወደ እኛ ጓሮ ስንመጣ ደግሞ ሽፈራው ወይም አለኮ የምንለው ዛፍ፣ ፓፓያና ጎመን የአንድ ሰፊ ጎሣ ልጆች ናቸው። የሽፈራውን ሥር ወይም የፓፓያን ፍሬ ዘር ያኘከ ሰው የሰናፍጭ ዓይነት ማቃጠል ይሰማዋል። ሰናፍጭ የጎመን የቅርብ ዘመድ ነው። መልካቸው የደበቀውን ዝምድና ምላስ ቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

አንድ ዘረመል ለምን አይበቃም?

ከመጀመሪያው ጥናት በኋላ ጥያቄ ተነሣ። አንዱ ዘረመል አንድ ነገር ሲናገር ሌላው ዘረመል ሌላ ይናገራል። የትኛው ይታመን?

ይህ ነገር ለጤና ባለሙያ አዲስ አይደለም። የደም ዓይነትን ውሰዱ። አባት ኤ፣ እናት ቢ ቢሆኑና ሁለቱም ኦን ደብቀው ቢይዙ፣ አራት ልጆቻቸው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ሊሆኑ ይችላሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ ደማቸው ግን አራት ዓይነት ነው። በሌላ በኩል ደሙ ኦ የሆነው ልጅ በጭራሽ ከማይዛመደው ጎረቤቱ ጋር አንድ የደም ዓይነት ይኖረዋል። ዝምድናን በደም ዓይነት ብቻ የሚቆጥር ሰው ወንድምን ባዳ፣ ጎረቤትን ወንድም ያደርጋል። አንድ ባሕርይ ብቻ ወስዶ ዘር መቁጠር አይቻልም። ብዙ ባሕርይ ተሰብስቦ አብላጫው ወዴት እንደሚያመለክት መታየት አለበት።

የዕፅዋት ተመራማሪዎችም ይህንኑ አደረጉ። ለንደን የሚገኘው ኪው የተባለው የንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከልና በየአገሩ ያሉ አጋሮቹ በአንድ ዘረመል ፋንታ 353 ዘረመሎችን መረጡ። ሁሉንም የተክሉን ጽሑፍ ማንበብ ውድ ስለሆነ፣ እንደ መንጠቆ ሆነው የተፈለጉትን ዘረመሎች ብቻ ከቅጠሉ ዲኤንኤ የሚያጠምዱ ሰው ሠራሽ ቁርጥራጮች አዘጋጁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ከ9,500 በላይ ዝርያዎችና 1.8 ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት ያሉበት የዘር ሐረግ ነው። 

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1879 ለወዳጁ ለጆሴፍ ሁከር በጻፈው ደብዳቤ፣ የአበባ ዕፅዋት በምድር ታሪክ ድንገት በዝተው መታየታቸው እንቆቅልሽ እንደሆነበት ገልጾ ነበር። አዲሱ ጥናት እንደሚያሳየው ዛሬ ካሉት ዋና ዋና ሐረጎች 80 በመቶ ያህሉ የወጡት የአበባ ዕፅዋት ታሪክ ገና ሲጀመር፣ ከ140 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተከሰተ ፈጣን መስፋፋት ነው። ሐረጎቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለተለያዩ ነው ማን ከማን ቀደመ የሚለው ለሊቃውንቱ ያስቸገረው። ተከታትለው የተወለዱ ልጆች ካደጉ በኋላ ታላቅና ታናሹን መለየት እንደሚያስቸግር ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ቅጠሎቹ የመጡበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ተለጥፈው በዕፅዋት ቤተ መዛግብት ከተቀመጡ ደረቅ ናሙናዎች የተወሰዱ ናቸው። አንዱ ከኔፓል የተለቀመው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሌላው ከሜክሲኮ ጠረፍ ማዶ ባለች ደሴት የነበረ የወይራ ወገን ሲሆን፣ ከ1875 ወዲህ በሕይወት አልታየም። ዘሩ ጠፍቷል፤ ከደረቀ ቅጠሉ ግን ዘመዶቹን ለይቶ መናገር ተቻለ። ያን ቅጠል የለቀመው ሰው ስለ ዲኤንኤ ሰምቶ አያውቅም። በጥንቃቄ አድርቆ፣ ስሙንና ቦታውን ጽፎ ማስቀመጡ ብቻ በቃ።

የቡና አባትና እናት

የዘር ቆጠራው ወደ ቤታችን የገባው በቡና ነው። ካርል ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ቡናችንን «አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ አገሩ ዐረብ ምድር መስሎት ነበር። ዛሬ የዱር ቡና ደን ያለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዲኤንኤው ደግሞ ከአገሩ አልፎ ወላጆቹን ነገረን።

አራቢካ የሁለት ዝርያዎች ልጅ ነው። አንዱ ወላጅ ሮቡስታ የምንለው ነው። ሌላው በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ከፍታ ቦታዎች የሚበቅል፣ ዩጀኒኦይደስ የተባለ ቡና ነው። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፤ አራቢካ የሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ወርሶ 44 ይዟል። እናቱ የትኛዋ እንደሆነች እንኳ ታውቋል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት የተባለው የህዋስ ክፍል የራሱ አነስተኛ ዲኤንኤ አለው፤ ቡናን በመሰሉ ዕፅዋት የሚወረሰውም ከእናት ወገን ነው። የአራቢካ ክሎሮፕላስት የዩጀኒኦይደስን ይመስላል። ስለዚህ እናቱ እሷ ናት፤ ሮቡስታ አባቱ ነው። ተመራማሪዎቹ በክሎሮፕላስቱ ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ የአባት ወገን ተረስቶ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጂኖም ጥናት ይህ ጋብቻ የተፈጸመው ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ገምቷል። ሰው ያዳቀለው አይደለም፤ በዱር የሆነ ነው። በዚያው ጥናት የወጣው ሌላው ነገር ግን ያሳስባል። አራቢካ ከጥቂት ተክሎች ተነሥቶ፣ በመንገዱም ቁጥሩ ደጋግሞ ተመናምኖ ያለፈ በመሆኑ የዘር ብዝኃነቱ ጠባብ ነው። በአያቱ ጊዜ ሀብቱን ከስሮ በጥቂት በሬ ዳግም እንደጀመረ ቤተሰብ ማለት ነው። በየአገሩ የሚለማው ቡና ደግሞ በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ ስለሆነ የባሰ ጠባብ ነው።

ጠባብ ቤተሰብን አንድ በሽታ ይጨርሰዋል። የቡና ዋግ እ.ኤ.አ. በ1869 በዛሬዋ ስሪላንካ ታየና የአገሪቱን የቡና እርሻ አጠፋው፤ ገበሬዎቹ ወደ ሻይ ዞሩ። እኛም አገር በ1971 (እ.ኤ.አ.) የቡና ፍሬ በሽታ ገባ። የጅማ ተመራማሪዎች ያን ጊዜ መድኃኒቱን የፈለጉት ከውጭ አልነበረም። ከአገር ውስጥ ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው፣ ዘራቸውን አባዝተው ለገበሬው አከፋፈሉ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በምትገኘው የቲሞር ደሴትም በ1920ዎቹ አራቢካና ሮቡስታ በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ተክል ዋግን ስለሚቋቋም፣ እስከ ዛሬ የብዙ አዳዲስ ዝርያዎች ምንጭ ሆኗል። የአባት ወገን ዘመድ ለልጁ ደረሰለት እንበል።

የቡና ዘመዶች ግን እያለቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ከሚታወቁት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች ቢያንስ 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ ላይ እንደሆኑ አሳይቷል። የከፋና የያዩ ደኖች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገባቸው ጥብቅ የሕይወት ክልሎች ናቸው። እነዚህ ደኖች ሲመነጠሩ የሚጠፋው ጥላ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚጠፋው ለልጅ ልጆቻችን ቡና መድኅን የሚሆነው ውርስ ነው።

ዘመድ በሽታም ይጋራል

እንሰትን ያየ እንግዳ ሙዝ ነው ይላል። እዚህ ላይ መልክ አላታለለም። እንሰትና ሙዝ በእርግጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እንሰት ግን ለምግብነት የለማው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብም በእሱ እንደሚኖር ይነገራል።

ዘመድ ከሆኑ ደግሞ የአንዱ በሽታ ሌላውን ይይዛል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሙዝ ላይ ታየ። በ2001 ኡጋንዳ ከገባ በኋላ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የብዙ ቤተሰብ የሙዝ ማሳ አውድሟል። በሽታውን ካንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚያዛምቱት ነገሮች ዋነኛው መቁረጫ ቢላዋ ነው። ለኛ ለነርሶች ይህ የታወቀ ትምህርት ነው፤ ያልተቀቀለ መሣሪያ ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ አይሻገርም። ጓሮው ውስጥ ሙዝና እንሰት ያለው ሰው፣ የታመመ ተክል የነካ ቢላዋን በእሳት ሳያስለበልብ ወይም በበረኪና ሳያጸዳ በሌላው ላይ ማሳረፍ የለበትም። ተክሎቹ ስማቸው ቢለያይም ቤተሰባቸው አንድ ነው።

መድኃኒትና መርዝ ከአንድ ቤት

የቡና ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የማውቀው ሰው አለ። ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣው ሲንኮና የተባለው ዛፍ የቡና ዘመድ ነው። ኪኒን የወጣው ከእሱ ቅርፊት ነው። በወባ የሚንቀጠቀጥ በሽተኛ አጠገብ ኪኒን የተቀላቀለበት ግሉኮስ እየተቆጣጠርኩ፣ በሌላ እጄ ቡና ይዤ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች እንደሆኑ ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት ዝምድና መድኃኒት ለመፈለግ ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የኔፓልን፣ የኒውዚላንድንና የደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢን የባህል መድኃኒት ዕፅዋት በዲኤንኤ የዘር ሐረግ ላይ አሰፈራቸው። እርስ በርስ ተገናኝተው የማያውቁ ሕዝቦች ለተመሳሳይ ሕመም የመረጧቸው ተክሎች ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ይህ የአያቶችን ዕውቀት የሚያስከብር ግኝት ነው። ዘመናዊው ፍለጋ ከየትኛው ቅርንጫፍ ይጀምር ለሚለውም መንገድ ያሳያል።

ከዚህ ተነሥቶ ግን «ዘመዱ መድኃኒት ከሆነ ይህም መድኃኒት ነው» ማለት አደገኛ ነው። ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። አጤ ፋሪስም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ፍሬውን የቀመሰ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ከጉዳቱ ጀርባ ካሉት አንዱ አትሮፒን ነው። ያው አትሮፒን በሐኪም እጅ፣ በልክ ሲሰጥ በፀረ ተባይ የተመረዘን ሰው ያድናል። ኮሶ ደግሞ የጽጌረዳ፣ የእንጆሪና የኮክ ዘመድ ነው። ዘመዶቹ ለስላሳ ቢሆኑም እሱ የኮሶ ትልን የሚያስወጣው በሰውዬውም ላይ እየበረታ ነው፤ ከመጠን ካለፈ ይጎዳል። ዛሬ በጤና ተቋም የሚሰጠው እንክብል ተመዝኖ የተሠራ ስለሆነ የተሻለ ነው። ዝምድና የት እንደምንፈልግ ይነግረናል። ምን ያህል እንደምንጠጣ አይነግረንም።

ስማቸውን ማን ይንገራቸው?

ዘር ቆጠራ ሲጠራ የስም ጣጣም ይከተላል። ግራሮች በሳይንስ ስማቸው «አካሺያ» ይባሉ ነበር። ስሙ በጥንት ዘመን የወጣው ለአባይ ዳር እሾሃም ግራር ነው። ጥናቱ ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ዛፎች በርካታ ሐረጎች መሆናቸውን አሳየ። ስሙ ለማን ይቅር የሚለው ብርቱ ክርክር አስነሣ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና የተደረገው የዕፅዋት ሊቃውንት ጉባኤ ለአውስትራሊያዎቹ ሰጠው፤ እዚያ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ስላሉ። በ2011 በሜልቦርን ጸና። የእኛዎቹ ግራሮች አሁን «ቫቼሊያ» እና «ሴኔጋሊያ» ይባላሉ። ብዙ አፍሪካውያን ቅር ተሰኝተዋል፤ እኔም ደስ አላለኝም። «ግራር» የሚለውን ስም ግን ማንም ጉባኤ ሊወስደው አይችልም፤ እኛ እስካልረሳነው ድረስ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። የዲኤንኤ መሣሪያ አንድ ቅጠል የማን ዘመድ እንደሆነ ይናገራል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ምን እንደሚባል፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ ከብት ለምን እንደሚሸሸው ግን አይናገርም። ይህ ያለው በእኛ በአያቶች ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት ከስዊድን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በስምንት ቅጽ መዝግቧል። እንደ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳ ያሉ ምሁራን የደከሙበት ይህ ሥራ የገጠር ሰው በነገራቸው ስምም የበለጸገ ነው። ስም የሚነግር ሰው ከሌለ ቅጠሉ ስም አልባ ሆኖ ይደርቃል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ ጓሮ ወይም ሜዳ ውጡ። የባቄላን፣ የሽምብራንና የምስርን ቆባ ከግራር ፍሬ ጋር አስተያዩአቸው፤ አራቱም የአንድ ቤት ናቸው። በመስከረም ከሆነ አደይ አበባን ከኑግና ከሱፍ አበባ አጠገብ አድርጋችሁ አሳዩአቸው። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጥቅል መሆኑን ራሳቸው ይቁጠሩት። ምንም ነገር እንዳይቀምሱ አስጠንቅቁ፤ ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ደስ ያላቸውን ቅጠል በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርገው በመጽሐፍ ይጫኑት። ሲደርቅ በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጥፉና ከታች የተክሉን ስም፣ የተለቀመበትን ቦታና ቀን ይጻፉበት። ስሙን ካላወቁት አያታቸውን ይጠይቁ። አያታቸውም ካላወቁት ሰፈር ውስጥ ካሉት አዛውንት አንዱ ሳያውቀው አይቀርም።